ሞሪስ ማይነር 1955፦ የዝገት ጉዳት ነው ወይስ የፋብሪካ ሥራ?

መኪናው ሞሪስ ማይነር ሲሪስ ሁለት ነው፤ ባለ 2 በር፣ የ1955 ምርት፣ 803 ሲሲ፣ መሪው በቀኝ፣ የፊት መስታወቱ መሃል ላይ የተከፈለ። ያለው እንግሊዝ አገር ስለሆነ ዋጋው ሁሉ በፓውንድ፣ ዓመቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሥራው ቦዲ ብቻ፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ካምቢዮውም አይጮህም።

ሳምንት 1። ማራገፍና መለካት

ባለቤቱ 11 ነጥብ ያለው የ«ይስተካከል» ዝርዝር ይዞ መጣ። ኮፈኑ መሃል ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ጉብታ አለ። ፓራፋንጎዎቹ ከቦዲው ጋር አልገጠሙም፣ ክፍተቱ ውስጥ ፕላስቲክ ተወትፏል። ከበሩ ኋላ ያለው ምሰሶ ላይ በስቱኮ የተደፈነ ረጅም ቀዳዳ አለ። ምንጣፉ ሥር ወለሉ ተቆርጧል። ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ምንም ያልገባበት ክብ ቀዳዳ አለ። ሞተሩ ለቦታው በጣም ስላነሰ የሌላ መኪና ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ 6 ናቸው፤ 6ቱም ከፋብሪካው እንደዚያው የወጡ ናቸው።

የቀሩት 5ቱ ግን ትክክለኛ ሕመም ናቸው። የግራው የፊት ፓራፋንጎ በመብራቱ ዙሪያ በስብሷል። ከፊት ወንበሮች ሥር ከጎን ወደ ጎን የሚያልፈውን ተሻጋሪ ብረት በቀኝ ጫፉ ዝገት በልቶታል። ከበሮቹ ሥር ያሉት የጎን ሳጥኖች ባዶ ናቸው፤ ከውጭ ቀለም፣ ከውስጥ ዱቄት። የሁለቱም በሮች ታችኛው ከንፈር አልቋል። የኋላ ግራ ባሌስትራ የሚታሰርበት ላሜራ ስንጥቅ አለው።

እንግዳ ነገር ስናይ ግራይንደር ከማንሳታችን በፊት የምናያቸው ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ሌላኛው ጎን፦ በግራም በቀኝም በአንድ ልክ ካለ ግጭት አይደለም፤ ግጭት ሁለቱን ጎን በእኩል አይመታም። ቀጥሎ ብየዳው፦ የፋብሪካው ስፖት ብየዳ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብ ጠባሳዎች በተቀራራቢ ርቀት ተደርድረው ይተዋል፤ በኋላ በኦክስጅን ወይም በሚግ (ሽቦ እየመገበ በኤሌክትሪክ በሚበይድ መሣሪያ) የተበየደው ግን ያበጠ መስመር ይኖረዋል፣ ወይም ተሞርዶ ጠፍቷል። ከዚያ ቀለሙ፦ 2 በ2 ሴንቲ ሜትር በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልን እንፍቃለን። የመጀመሪያው ፕራይመርና የመጀመሪያው ቀለም ቀዳዳው ጠርዝ ውስጥ ገብተው ከተገኙ ቀዳዳው ከቀለሙ ይቀድማል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚወስደው ግማሽ ሰዓት ነው። ቀዳዳ ደፍኖ መልሶ መክፈት ግን ቀን ይበላል፤ ከታች እንደሚታየው እኛንም በልቶናል።

ሲፈታ ያጋጠመ፦ የዚህ መኪና ቡሎኖች የኢንች ናቸው። የአብዛኞቹ የፓራፋንጎ ቡሎኖች ጭንቅላት 1/2 ኢንች ነው፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር። 13 ቁልፍ የያዘ ይመስላል፤ ዝገቱ ሲከብድ ግን ትንሿ ልዩነት የቡሎኑን ጠርዝ ትበላዋለች። 4 ቡሎን በዚህ ተበላሸና በግራይንደር ተቆረጠ። የኢንች ቁልፍ ሙሉ ስብስብ ተገዛ፣ 34 ፓውንድ። መጀመሪያ መገዛት ነበረበት።

ሳምንት 2። ኮፈኑ

ማግኔቱ ኮፈኑ መሃል ላይ አልያዝ አለ። ቀለሙ ሲፋቅ ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ከዚህ በፊት የሠራው ሰው ጉብታውን እንደ ጉዳት ቆጥሮ ግራና ቀኙን በስቱኮ ሞልቶ ለማለስለስ ሞክሯል። አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ደርሷል።

ጉብታው ግን የማይነር መታወቂያ ነው። አሌክ ኢሲጎኒስ መኪናውን ሲነድፍ ጠበብ ያለ ነበር። በ1947 መጨረሻ፣ ማምረቻው ሊዘጋጅ ጥቂት ሲቀረው፣ ቅርጹ ዓይኑን አልሞላ አለው። ኦክስፎርድ አጠገብ ካውሊ ያሉት ሠራተኞች ሙከራ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ መሃል ለመሃል ሰነጠቁትና ሁለቱን ግማሽ እያራራቁ አዩት። «አሁን ልክ ሆነ» የተባለው 4 ኢንች ላይ፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወለሉ በካምቢዮው ዋሻ ግራና ቀኝ 2 ኢንች፣ 2 ኢንች ተጨመረለት። ኮፈኑ ላይ ደግሞ ያ ጭማሪ ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ሆኖ ቀረ፣ በ1971 ምርቱ እስኪያበቃ ድረስም አልተነሳም። ከሁሉ የሚያስቀው ባምፐሩ ነው። ባምፐሮቹ በጠባቡ ልክ አስቀድመው ተሠርተው ስለነበር ለሁለት ተቆረጡና መሃላቸው ላይ ቁራጭ ገባ። በጥቅምት 1948 ለንደን ኧርልስ ኮርት የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ የታየው መኪና ባምፐሩ ላይ መገጣጠሚያ ነበረው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማይነር የሚያድስ ሰው ያንን መገጣጠሚያ «የተሰበረ ባምፐር» ብሎ በሙሉ ባምፐር ቢቀይረው ውድ ዕቃ ጣለ ማለት ነው። የእኛ የ1955 ስለሆነ ባምፐሩ አንድ ወጥ ነው።

ስህተታችን፦ ስቱኮውን ቶሎ ለማንሳት ግራይንደር ላይ 40 ቁጥር ዲስክ ታሰረ። ስቱኮው ተነሳ፤ የጥብጣቡ ጠርዝም አብሮ ተነሳ። 0.9 ሚሊ ሜትር የነበረው ላሜራ በ12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ወደ 0.6 ወረደ፣ በሙቀቱም ትንሽ ማዕበል ያዘ። ጠርዝ ባለበት ቦታ ግራይንደር አይገባም፤ ዲስኩ የሚበላው ከፍ ያለውን ነው፣ እዚህ ከፍ ያለው ደግሞ የምንፈልገው ቅርጽ ነው።

የተቀየረው አሠራር፦ በሙቅ አየር መንፊያ ስቱኮውን እያለሰለሱ በደነዘዘ መሮ መላጥ። ኮፈኑን ለመጨረስ 5 ሰዓት ፈጀ፣ ብረቱ ግን አልተነካም። ለተጎዳው ቦታ ሌላኛው ጠርዝ ላይ ካርቶን ተቆርጦ ቅርጹ ተወሰደ። ማዕበሉ ከሥር ብረት ተይዞ ከላይ በቀላል መዶሻ ተመለሰ፣ የሳሳው ላይ ቀጭን ስቱኮ (ከ1 ሚሊ ሜትር በታች) ተቀባ። ስቱኮ ለማውጣት ስቱኮ መቀባት ደስ አይልም፤ ሌላ ኮፈን ፍለጋ ግን ከ150 ፓውንድ በታች አልተገኘም። ማለስለሱ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነው። በእጅ ብቻ ከተፋቀ ጠርዙ ይዶለዱማል፣ ቀለም ሲቀባም ብርሃን ላይ ያጋልጣል።

ሳምንት 3። የግራ ፓራፋንጎ

ያገለገለ ፓራፋንጎ በ90 ፓውንድ ተገኘ። ቡሎኖቹ ሁሉ ገጠሙ፣ ኩርባው ልክ ነው፣ የፊት መብራቱም ገባ። የፓርኪንግ መብራቱ ቀዳዳ ግን የለም! መጀመሪያ «አንዱ ደፍኖታል» ተባለና ከኋላ በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ። የብየዳ ምልክት የለም፤ ንጹህ ላሜራ ነው። ቀዳዳው መጀመሪያውኑ አልነበረም።

ምክንያቱ ዓመተ ምርቱ ነው። እስከ 1954 መገባደጃ ድረስ የፓርኪንግ መብራቶቹ ግሪሉ ባለበት ላሜራ ላይ ነበሩ። ጥቅምት 1954 ላይ ግሪሉ ወደ አግድም ዘንጎች ሲቀየር ወደ ፓራፋንጎው ወጡ። 1963 ላይ ደግሞ ከፍሬቻ ጋር ተዋህደው ተለቁ። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ፓራፋንጎ አለ፣ ሦስቱም በቡሎን ልክ አንድ ናቸው። ከዚያ በፊት ያለው አራተኛው ዓይነት ግን ከሩቅ ይለያል፤ የመጀመሪያዎቹ ማይነሮች የፊት መብራታቸው ዝቅ ብሎ ግሪሉ አጠገብ ስለነበር ፓራፋንጎው ላይ የመብራት ሳህን የለውም። አሜሪካኖች መብራት ከመሬት የተወሰነ ከፍታ ይኑረው ስላሉ ለነሱ በ1949፣ ለሁሉም እስከ 1951 ወደ ላይ ወጣ። ኢሲጎኒስ ለውጡን አልወደደውም ይባላል፤ ዛሬ ግን ማይነር ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ያንን ከፍ ያለ መብራት ነው።

የግድ ቀዳዳ መክፈት ሆነ። ከቀኙ ፓራፋንጎ ላይ በካርቶን ልክ ተወስዶ ተገለበጠ፣ ከታችኛው ጠርዝ ተለክቶ ተቆረጠ። መብራቱ ሲገባ 7 ሚሊ ሜትር ዝቅ አለ። ከ3 ሜትር ላይ መኪናው አንድ ዓይኑን የጨፈነ ይመስላል። የቀኙ ፓራፋንጎ ታችኛው ጠርዝ ከዚህ በፊት ተቀጥሎ ስለነበር ልኩ ውሸት ነበር። ቀዳዳው በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቀለበት ተበይዶ ጠበበ። ሁለተኛው ልኬት ከፊት መብራቱ ሳህን መሃል ተነሳ፤ ሳህኑ ቦታውን ስለማይለቅ መነሻ የሚሆነው እሱ ነው። መሃሉ በ3 ሚሊ ሜትር ድሪል ተበሳ፣ መብራቱ በወረቀት ቴፕ ተይዞ ከፊት ታየ፣ ከዚያ በኋላ ነው የተቆረጠው። የሌላ ዓመት ዕቃ ከመግዛት በፊት ሻጩን ቀዳዳዎቹን ፎቶ አንስቶ እንዲልክ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ሳምንት 4 እና 5። ተሻጋሪው ብረትና የጎን ሳጥኖቹ

ማይነር ሙሉ ሻንሲ የለውም። ከሞተሩ ሥር የሚመጡት ሁለት እግሮች ከወንበሩ ሥር ባለው ተሻጋሪ ብረት ላይ ያበቃሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ የሚሸከመው ወለሉና የጎን ሳጥኑ ነው። የፊት ሞላዎቹም ተራ ሞላ ሳይሆኑ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ረጅም ዘንግ) ናቸው፣ የኋላ ጫፋቸው የሚታሰረው እዚሁ ተሻጋሪ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለ ዝገት የውበት ጉዳይ አይደለም።

ግራው ጫፍ ላይ ንጹህ ቀዳዳ አለ፣ ቀኙ ላይ በላሜራ ተደፍኗል። የሌላኛው ጎን ፈተና ወዲያው መለሰው፤ ክሪኩ የሚገባበት ነው። የፋብሪካው ክሪክ ከጎን ገብቶ የአንድ ጎን ሁለቱንም ጎማ ባንዴ ያነሳል። የደፈነው ሰው ውሃ እንዳይገባ ብሎ ይሆናል፤ ውሃው ግን ከላይ ከወለሉ ነው የሚመጣው፣ መውጫውን ዘጋበት። ጫፉ የበሰበሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

አደገኛውን ክፍል ማንም እንዳይዘለው፦ ቶርሽን ባር ተጠምዝዞ ነው የሚቀመጠው። ተሻጋሪውን መቁረጥ ቀርቶ የባሩን ጫፍ የያዘውን ሊቨር ከመፍታት በፊት ክሪክ ከታችኛው ክንድ ሥር ገብቶ ጭነቱን ይያዝ፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ። ባሩና ሊቨሩ የተያያዙበት ጥርስ በነጥብ ምልክት ይደረግበት፤ አንድ ጥርስ ቢሳሳት መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የግራውና የቀኙ ባር አይቀያየሩም፣ ጫፋቸው ላይ በቀለም ተጻፈ።

ከመቁረጥ በፊት 25 በ25 በ3 ሚሊ ሜትር አንግል ብረት የበሩን ቀዳዳ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ አሻግሮ ተበየደ። ከጎን የሚታየው የሳጥኑ ሽፋን ብዙ አይሸከምም፤ የሚሸከመው ከኋላው ያለው ቋሚ ላሜራ ነው። ብዙ ሰው ሽፋኑን ቀይሮ «ጨረስኩ» ይላል፤ እኛም ስንከፍት ከአዲስ ሽፋን ሥር አሮጌ አቧራ ነው ያገኘነው። ዕቃው፦ የተሻጋሪ ጫፍ 48፣ ሁለት ቋሚ ላሜራ 38፣ ሁለት ሽፋን 44 ፓውንድ። ብየዳው ሚግ፣ 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ጋዝ። ስፖት ብየዳውን ለመተካት የላይኛው ላሜራ በየ30 ሚሊ ሜትሩ በ6 ሚሊ ሜትር ተበስቶ ቀዳዳው በብየዳ ተሞላ። በሁለቱ ላሜራዎች መሃል ተደብቀው የሚቀሩት ፊቶች ዚንክ ፕራይመር ተቀቡ።

ስህተት፦ የቀኙ ቋሚ ላሜራ በሩ ሳይሞከር ተበየደ። በሩ ሲሰቀል ከላይ ኋላ በኩል 4 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት 7 ሆኗል። አንግሉ ይዞት ነበር፤ ነገር ግን ማቆሚያው ወለሉ መሃል ሥር ስለነበር ክብደቱ መኪናውን መሃል ላይ አጎበጠው። 22 የሞሉ ነጥቦች በድሪል ተከፈቱ። ማቆሚያዎቹ ወደ ፊት እግሮቹና ወደ ኋላ ባሌስትራ ማሰሪያዎቹ ተዛወሩ፣ በሩ ተሰቀለ፣ ላሜራው መጀመሪያ በ6 ነጥብ ብቻ ተያዘ፣ በሩ 10 ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። ክፍተቱ 4.5 ላይ ቆመ። ከዚያ ነው ሙሉ የተበየደው። የግራው ጎን በዚህ ቅደም ተከተል በአንድ ቀን አለቀ።

ሳምንት 6። ምሰሶው ላይ ያለው ቀዳዳ

ስቱኮው ሲነሳ ውስጡ ሉካስ ኤስ.ኤፍ.80 ተቀምጧል። ከምሰሶው የሚወጣ፣ ጫፉ ብርቱካናማ፣ በሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ማግኔት) የሚነሳ ክንድ ነው፤ ነጂው ሲታጠፍ ክንዱ ወደ ጎን ይዘረጋል። እኛ የመታጠፊያ መብራቱን እስከ ዛሬ ፍሬቻ የምንለው ከዚህ ዓይነቱ ክንድ ነው፤ ቃሉ በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። ማይነር ላይ እስከ 1961 ቆየ፣ ከዚያ ብልጭ ድርግም በሚለው ተተካ።

ከባትሪ በ5 አምፔር ፊውዝ በኩል በቀጥታ ተሞከረ። ቀጭ ይላል፣ አይነሳም። ቀለም ማዞሪያውን አጣብቆታል። በቀለም ማስለቀቂያ የተነከረ ጥጥ ለ1 ሰዓት ተቀመጠበት፣ ከዚያ ክንዱ ቀስ ተብሎ ተነስቶ ከክንዱና ከሶሌኖይዱ መሃል ያለው መያዣ ፒን ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት። አንድ ጠብታ ማለት አንድ ነው፤ ከበዛ አቧራ ይሰበስባል፣ ክንዱም ወጥቶ መመለስ ያቅተዋል። ከታች በጣት መገፋት የለበትም፣ መያዣው ይጣመማል። አምፖሉ 3 ዋት ነው፣ አልበራም፤ ሽቦው ክንዱ በሚታጠፍበት ቦታ ተበጥሷል። ደረቅ ሽቦ መልሶ ይበጠሳል፣ ስለዚህ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ ተቀየረ። አምፖልና ሽቦ፣ 6 ፓውንድ።

ከኋላ ላለው ሾፌር ሲባል በኋላ የተገጠመው ብልጭ ድርግም የሚለው መብራትም ይቆያል፤ የዛሬ ነጂ ምሰሶ ላይ ምልክት አይጠብቅም። የመጀመሪያው ሙከራ ክንዱን ከዚያው መስመር መስጠት ነበር። ክንዱ እንደ ዶሮ ክንፍ እየተራገበ ሲነሳ ሲወድቅ ዋለ። መፍትሔው ባለ ሁለት መስመር ስዊች ነው፤ አንዱ መስመር በፍላሸሩ (መብራቱን ብልጭ ድርግም በሚያደርገው ዕቃ) በኩል ወደ መብራቱ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ ክንዱ። ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር በ9 ፓውንድ ተገዝቶ ወዲያው ሞተ። የዚህ መኪና ቦዲ የተያያዘው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ነው፣ የዘመኑ ዕቃ ደግሞ ቦዲው ኔጌቲቭ ነው ብሎ ያስባል። የድሮው ዓይነት ባለ ሙቀት ፍላሸር ገባና ሠራ። ኤል.ኢ.ዲ አምፖል ለሚያስብም ይኸው ነው፣ ለፖዘቲቭ ቦዲ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጥ።

ሳምንት 7። ወለሉና ፊት ለፊቱ

ምንጣፉ ሥር ያለው «የተቆረጠ ወለል» ከሹፌሩ እግር በታች ነው። የፍሬን ማስተር ሲሊንደሩ የሻንሲው እግር ውስጥ ተደብቋል፤ የፍሬን ዘይት የሚጨመረው በዚህ ቀዳዳ ነው። የቀድሞው ሰው ታር ሽፋን ለጥፎበት ስለነበር ዘይቱ ለስንት ጊዜ እንዳልታየ እግዜር ይወቀው፤ ጥቁር ቡና መስሏል። ተቀየረ። ሲሊንደሩን የሚያስሩት ረጃጅም ቡሎኖች ሲወጡ ከቶርሽን ባሩ ጋር ይጋጫሉ። እኛ ባሩን ስለፈታነው ቀለለ፤ ሲመለሱ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ገቡ፣ የሚቀጥለው ሰው ባር ሳይፈታ እንዲያወጣቸው። አዲሱ ምንጣፍ ላይ የሚገለጥ ክዳን ተቆረጠ። ዘይት ሲጨመር ዙሪያው በጨርቅ ይሸፈን፣ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል።

ፊት ለፊት ያለው ክብ ቀዳዳ የማኖቬላ ነው። ባለቤቱ ይበየድ ብሎ ነበር። ባይጠቀሙበት እንኳ የቫልቭ ክፍተት ሲስተካከል (0.012 ኢንች፣ 0.30 ሚሊ ሜትር) ሞተሩን በእጅ ቀስ ብሎ ለማዞር ከዚህ የሚሻል የለም። ለማስነሳት ከሆነ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል ይሁን፤ ማኖቬላውን ከከበበ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ይሰብረዋል።

የሞተሩ ማነስ ሥራ አልጠየቀም። መኪናው ሲታሰብ ጎን ለጎን የተኙ 4 ሲሊንደሮች ያሉት ጠፍጣፋ ሞተር ሊገባለት ነበር። ያ ቀረና በፊት የሞሪስ ኤይት 918 ሲሲ፣ ከ1952 የኦስቲንና የሞሪስ ውህደት በኋላ ደግሞ 803ቱ ገባ። ቦታው ግን ለጠፍጣፋው እንደተሰፋ ቀረ። መካኒክ የሚመርቀው ስህተት ነው፣ ግራና ቀኝ ክንድ ሙሉ ይገባል።

ሳምንት 8። ፓራፋንጎና በር መመለስ

ፓራፋንጎውና ቦዲው መሃል ያለው ፕላስቲክ ጥብጣብ ውትፍ አይደለም። ብረት ብረትን እንዳይፈጭ፣ እንዳይንጫጫና ቀለም እንዳይላጥ የገባ ነው። እዚህ መኪና ላይ ግን ከላዩ ሲሊኮን ተነፍቶበታል፤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ መስመሩን ተከትሎ ዝገት ጀምሯል። ሙሉ በሙሉ በፕላስቲክ መፋቂያ ወጣ፣ ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ተቀባ። አዲሱ ጥብጣብ ለአራቱ 22 ፓውንድ። ቡሎን በሚያልፍበት ሁሉ በመቀስ የቪ ቅርጽ ይቆረጣል። ቡሎኖቹ መጀመሪያ በጣት ብቻ ይያዛሉ፣ ጥብጣቡ ከላይ ይገባል፣ ከመሃል ወደ ጫፍ ይጠብቃል። ከአንድ ጫፍ ስለጀመርን የኋላ ቀኙ ላይ ጥብጣቡ ተሸብሽቦ ወጣ፤ ተፈትቶ ተደገመ። ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፣ ጠባቡ አሮጌ ላሜራ ውስጥ ይሰምጣል።

በሮቹ ታች የነበሩት ጠባብ የውሃ መውጫዎች በቀድሞው ጥገና በብየዳ ተዘግተው ነበር። የበር መስታወት ውሃ ማስገባቱ አይቀርም፣ መውጫ ከሌለው እዚያው ተኝቶ ይበላል። አዲስ ከንፈር ሲበየድ በየበሩ 3 መውጫ ተከፈተ፣ ከውስጥ ሰም ተረጨ። ቀለም ሲቀባ መውጫው እንዳይዘጋ የጥርስ እንጨት ገባበት።

ሳምንት 9። የውሃ ፈተና

15 ደቂቃ በጎማ ውሃ፣ ከታች ወደ ላይ እየተወጣ፣ አንድ ሰው ውስጥ በባትሪ መብራት። ወለሉ ደረቅ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፦ የዚያው የኢሲጎኒስ ሚኒ በ1959 ሲወጣ ወለሉ ላይ ያለው የላሜራ መደራረብ ውሃውን የሚቀበልበት አቅጣጫ ይዞ ተሠርቶ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ምንጣፋቸው እየራሰ አስቸገረ። ሚኒ ላይ ደግሞ የብየዳ መስመሮቹ ራሳቸው ከውጭ ይታያሉ፤ የብየዳ መሣሪያው በቀላሉ እንዲደርስና ወጪ እንዲቀንስ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሞርዶ የሚያለሰልሳቸው ሰው መኪናውን ነው የሚፈታው።

እኛ ጋ የገባው ውሃ ከፊት መስታወቱ መሃል ነው፤ ሁለቱን ጠፍጣፋ መስታወቶች የሚለየው ምሰሶ ሥር፣ ጎማው በሚገናኝበት ቦታ። ጎማው አዲስ ነው፣ መስታወቶቹ ግን በቆራጭ የተቆረጡ ላሚኔትድ ናቸው፤ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለኩ ከአሮጌው በግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሳሳሉ። ስለዚህ ጎማው መስታወቱን አጥብቆ አልያዘም። ወፍራም መስታወት 2 ታዟል፣ 85 ፓውንድ፣ በ10 ቀን ይደርሳል። እስከዚያ የኋላ ግራ ባሌስትራ ማሰሪያ ስንጥቅ ይበየዳል፤ ከ11ዱ የቀረው እሱ ብቻ ነው።